አዲስ ውህድ ከአላኒን ይበልጣል ለማለት ምን ምን መታየት አለበት? ሊቲየም ፎርሜትና አሞኒየም ታርትሬት በኢፒአር

ስፒን_ግማሽ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሊቲየም ፎርሜት ሞኖሃይድሬትንና አሞኒየም ታርትሬትን ለጨረር መጠን መለኪያነት ከአላኒን፣ ማለትም ለዚህ ሥራ ከተለመደው አሚኖ አሲድ፣ ጋር እያወዳደርን ነው። የምናነበው በኢፒአር፣ ማለትም ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን በማግኔት መስክና በማይክሮዌቭ በሚለየው ዘዴ ነው። የምንፈልገው ክልል ከ1 እስከ 20 ግሬይ (የተመጠጠ ጨረር መለኪያ)፣ ማለትም የራዲዮቴራፒው ክልል ነው። የጨረር ምንጩ ኮባልት 60 ሲሆን ስፔክትሮሜትሩ በ9.8 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የተለመደ ኤክስ ባንድ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት እንዲህ ሆነ። በ10 ግሬይ የሊቲየም ፎርሜቱ የጫፍ ከፍታ የአላኒኑን 5 እጥፍ ያህላል። ግን እኩል ጨረር ያገኙ 5 እንክብሎች እርስ በርሳቸው በ6 በመቶ ይለያያሉ። ጨረር ያልነካው እንክብልም ባዶ ሆኖ አልተገኘም፤ ከ1 ግሬይ በላይ የሚመስል ምልክት ይሰጣል። ታርትሬቱ ደግሞ ሰኞ ያነበብነውና ረቡዕ ያነበብነው አይገናኝም። እንክብሎቹ 5 ሚሊሜትር ስፋት አላቸው፤ ማያያዣው 10 በመቶ ፓራፊን ነው፤ የተጨመቁት በብረት ቅርጽ ማውጫ ነው። ለሦስቱም የተጠቀምነው 10 ሚሊዋት ማይክሮዌቭና 1 ሚሊቴስላ ሞዱሌሽን (የማግኔት መስኩ መወዛወዝ) ነው። በዚህ መረጃ «5 እጥፍ ይበልጣል» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ኳርትዝ

አይቻልም ወንድሜ፤ ገና ነህ። የለካኸው የጫፍ ከፍታ ነው፤ ከፍታ ደግሞ የራዲካሉን፣ ማለትም ጨረሩ የፈጠረውን ያልተጣመረ ኤሌክትሮን የያዘ ቁራጭ፣ ብዛት ብቻ አይናገርም። ኢፒአር የሚሥልልን የመምጠጡን መስመር ራሱን ሳይሆን የመጀመሪያ ዴሪቬቲቩን (የለውጡን ፍጥነት) ነው። ስለዚህ የራዲካሉ ቁጥር እዚያው ሆኖ መስመሩ በግማሽ ቢጠብ ከፍታው 4 እጥፍ ያድጋል። ጠባብ መስመር ያለው ውህድ ሁልጊዜ ብዙ ራዲካል የያዘ ይመስላል።

አላኒን ጨረር ሲመታው የአሚን ቡድኑን ይጥልና ዋናው ራዲካል ይቀራል። በዚያ ራዲካል ላይ ያልተጣመረው ኤሌክትሮን ከአንድ ሃይድሮጅንና ከሚቲሉ 3 ሃይድሮጅኖች ጋር እኩል ሊባል በሚችል መጠን፣ 2.5 ሚሊቴስላ ገደማ፣ ይጣመራል። መስመሩም በ1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ምጣኔ ለ5 ይሰነጠቃል። የምናነበው የመሐሉን ብቻ ነው፤ ከ16 እጅ 6ቱን ማለት ነው። ከሥሩም በሃይድሮጅን መነጠቅ የሚፈጠር ሌላ ራዲካል ተኝቷል፤ ትንሽ ድርሻ ያለው ሦስተኛም አለ። የአላኒን ስፔክትረም ንጹሕ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል የማይመስለው ለዚህ ነው።

በሊቲየም ፎርሜት የሚፈጠረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አሉታዊ ራዲካል ነው። ካርቦን 12 የኒውክሊየስ ስፒን የለውም፤ ኦክስጅን 16ም የለውም። ስለዚህ መስመሩን የሚሰነጥቅ ነገር በራዲካሉ ውስጥ የለም፤ ሁሉም 1.5 ሚሊቴስላ ገደማ ስፋት ባለው አንድ መስመር ላይ ይከማቻል። ያ ስፋት ራሱ የሚመጣው በዙሪያው ካሉት የሊቲየምና የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ነው። ብልጫው እውነት ነው፤ ግን 5 እጥፍ ራዲካል አለ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ስጥ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ውህድ በራሱ ምርጥ ቅንብር የተገኘ ከፍታ በሚሊግራምና በግሬይ ተካፍሎ ነው። ይህ ለተጠቃሚው የሚጠቅመው ነው። ሁለተኛው ስፔክትረሙ ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ተደርጎ የሚገኘው የራዲካል ብዛት ነው። ይህኛው ለኬሚስቱ ነው። ሁለተኛውን በ2 ግሬይ አትሞክረው፤ መነሻ መስመሩ ጥቂት ካዘነበለ ኢንተግራሉ ዝንባሌውን አግዝፎ መልሶ ይሰጥሃል። 100 ግሬይና ከዚያ በላይ ባገኙ እንክብሎች፣ ለአላኒን ቢያንስ 20 ሚሊቴስላ ስፋት ያለው የማግኔት መስክ ጠርገህ፣ ሙሌት በሌለበት፣ ማለትም ምልክቱ ከማይክሮዌቭ ኃይሉ ጋር ማደጉን ባልቀነሰበት፣ ኃይል ሥራው።

አሁን ወደ ቅንብሩ። 10 ሚሊዋት ለሦስቱም መሆኑ ውድድሩን ከመጀመሪያው አዛብቶታል። አላኒን ከ1 ሚሊዋት አካባቢ ጀምሮ መሙላት ይጀምራል፤ ፎርሜቱ ከዚያ የበለጠ ይችላል። ለእያንዳንዱ ውህድ አንድ እንክብል ያዝና 0.1፣ 0.25፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሚሊዋት ላይ አንብብ። ከፍታውን ከኃይሉ ስኩዌር ሩት ጋር ሣለው። ሙሌት እስከሌለ ድረስ ኃይሉ 4 እጥፍ ሲሆን ከፍታው 2 እጥፍ ይሆናል፤ መስመሩ መጉበጥ የጀመረበት ነጥብ ድንበርህ ነው። ከሌላ መሣሪያ የተገኘ የሚሊዋት ቁጥር እንዳለ አትቅዳ፤ የካቪቲው (እንክብሉ የሚገባበት የማይክሮዌቭ ክፍል) ዓይነት ሁሉን ይለውጠዋል። ሞዱሌሽኑንም እንዲሁ አድርግ፦ ከመስመሩ ስፋት ሲሶ በታች ከሆነ ቅርጹ አይነካም፤ ከዚያ በላይ ከፍታው ቢጨምርም መስመሩ ይሰፋል። ሁለት ጊዜ የተደረገው ኢንተግራል ግን ሞዱሌሽኑ ቢበዛም አይበላሽም፤ ከሞዱሌሽኑ ጋር በቀጥታ ያድጋል።

ሩት_ላብ

የ6 በመቶው መለያየት ከውህዱ አይመስለኝም፤ ከእንክብሉና ከአቀማመጡ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሽ።

መጀመሪያ ክብደት። እያንዳንዱን እንክብል እስከ 0.1 ሚሊግራም በሚያሳይ ሚዛን መዝን፤ ከፍታውን በክብደቱ አካፍል። 60 ሚሊግራም እንክብል ላይ 0.1 ማለት 0.17 በመቶ ነው፤ ይበቃል።

ቀጥሎ ፓራፊኑ። በሙቀት አቅልጠህ ካማሰልከው እኩል አይደርስም። በሳይክሎሄክሴን አሟሟው፣ ዱቄቱ ላይ አፍስሰው፣ ጭስ መምጠጫ ሥር ፈሳሹ በኖ እስኪያልቅ ሳታቋርጥ አማስለው። ሳይክሎሄክሴን ተቀጣጣይ ነውና እሳትም ሆነ የሚያብለጨልጭ ሶኬት አጠገብ አይሁን። «10 በመቶ» ያልከው በአንዱ እንክብል 8፣ በሌላው 12 ከሆነ፣ የውህዱ መጠን በሁለቱም በኩል ከ2 በመቶ በላይ ይዛባል፤ ሚዛኑም ይህን አይነግርህም። ለፎርሜት በውኃ የሚሟሟ ማያያዣ በፍጹም አትጠቀም።

የቅንጣቱ መጠንም ይወስናል። በወንፊት አበጥረህ የመሐሉን ውሰድ። በጣም የደቀቀው ይጣበቃል፤ ትላልቁ ክሪስታል ደግሞ አቅጣጫ ይዞ ይተኛና ስፔክትረሙ እንክብሉ በዞረ ቁጥር ይለዋወጣል። በጥሩ ወንፊት ቢያልፍም ማዞሩን አትተው። እንክብሉን በ72 ዲግሪ ልዩነት 5 ጊዜ አዙረህ አንብብና አማካዩን ውሰድ።

መጨረሻ ላይ ቁመቱ። ካቪቲው መሐል ላይ ነው ጉልበቱ፤ እንክብሉ በ1 ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ በንባቡ ላይ ይታያል። የኳርትዝ ቱቦው ውስጥ የማይነቃነቅ መቆሚያ አድርግ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቱቦ ተጠቀም፣ ቱቦው ላይ ምልክት አድርገህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስገባ። ተራ የመስታወት ቱቦ አይሆንም፤ ብረት አለበት።

ስፒን_ግማሽ

አመሰግናለሁ እህቴ ሩት። እንክብሎቹ ሲመዘኑ ከ57 እስከ 64 ሚሊግራም ሆነው ተገኙ፤ ከፍታውን በክብደት ሳናካፍል ነበር ያወዳደርነው። ስናካፍል 6 በመቶው ወደ 3 ወረደ፤ 5 ጊዜ እያዞርን ስናነብ ደግሞ 1.2 ሆነ። ጨረር ያልነካው እንክብል ምልክት ግን ንቅንቅ አላለም።

ኳርትዝ

ያን ምልክት ደረጃ በደረጃ አድነው። መጀመሪያ ባዶ ካቪቲ፣ ቀጥሎ ባዶ ቱቦ፣ ቀጥሎ ፓራፊን ብቻ፣ ቀጥሎ ያልተጨመቀ ዱቄት፣ መጨረሻ የተጨመቀ እንክብል። ምልክቱ ብቅ ያለበት እርምጃ ጥፋተኛውን ይነግርሃል። ሁሉንም በአንድ ቅንብርና በአንድ የድግግሞሽ ቁጥር አንብብ።

ቅርጹንም ተመልከት። ሰፊና ጠርጎ የሚያልፍ ተዳፋት ከሆነ፣ ከጨረሩ መጠን ጋር የማያድግና ማይክሮዌቩን ብትጨምርም የማይሞላ ከሆነ፣ ብረት ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው የተፋቀ። ጠባብ መስመር ከሆነ ደግሞ በሙቀጫ ሲደቆስ የተፈጠረ የሰበራ ራዲካል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ያልተደቆሰውን ክሪስታል ከተደቆሰው ጋር አወዳድር። በጣም ጠባብ ሆኖ በትንሽ ኃይል የሚሞላ ከሆነ ግን ቱቦው ራሱ ጨረር አግኝቷል ማለት ነው። ኳርትዝ ጨረር ሲመታው የራሱን ምልክት ይይዛል፤ ስለዚህ እንክብልን በንባብ ቱቦው ውስጥ አድርጎ ማስጨረር የተከለከለ ይሁን።

ስፒን_ግማሽ

ያልተጨመቀው ዱቄት ንጹሕ ነው። የተጨመቀው ሰፊ ተዳፋት አለው። እንክብሉን በማጉያ መነጽር ስናየው ጠርዙ ዙሪያውን ፀጉር የምታህል ግራጫ መስመር ይዟል፤ ፊቱ ግን ነጭ ነው።

ሩት_ላብ

በቃ ተገኘ፤ ግራጫዋ ከግድግዳው የተፋቀች ብረት ናት። እንክብሉ ተጨምቆ ሲወጣ ጠርዙ ከቅርጽ ማውጫው ጋር ይፋተጋል፤ ፊቱ ስለማይፋተግ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የውስጡን ግድግዳ በቴፍሎን ወይም በፖሊአሴታል ቀይረው፤ የመጭመቂያውንም ግፊት ቀንስ። እንክብሉ በጣት ተይዞ ካልፈረሰ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መጫን ትርፉ ሰበራ ነው። ከእንግዲህም እንክብሎቹን በብረት ወረንጦ አታንሳ።

ኮባልት_ስልሳ

የማንበቡን ጉዳይ ተነጋግራችሁበታል፤ እኔ ስለ ማስጨረሩ ልጨምር። ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚያ ገብቶ ኢፒአሩ ይከሰሳል።

ለኮባልት 60 እንክብሎቹ በሁሉም አቅጣጫ 5 ሚሊሜትር ገደማ በሚሆን ፕሌክሲግላስ መከበብ አለባቸው። ይህ ከሌለ ላዩ ላይ የኤሌክትሮን ሚዛን (የሚገባውና የሚወጣው ኤሌክትሮን መመጣጠን) ስለማይኖር እንክብሉ ከተባለው መጠን በታች ያገኛል። እንክብሎችን ደርድረህ በአንድ ጊዜ ስታስጨርር ፊተኛው ኋለኛውን ይጋርዳል፤ በግማሽ መንገድ መያዣውን አገላብጠው ወይም ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

የሙቀት መጠን መዝግብ። አላኒን ሲጨረር በየዲግሪው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ይበልጥ ይመዘግባል። የ15 ዲግሪ ልዩነት 2 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ለራዲዮቴራፒው ክልል ይህ ትንሽ አይደለም። ለአዲሱ ውህድ ደግሞ ይህን ቁጥር ራስህ ማውጣት ይጠበቅብሃል፤ በ10፣ በ25 እና በ40 ዲግሪ አንድ ዓይነት መጠን ስጥና አወዳድር።

ማመሳከሪያ መጠኑን የምትወስደው ከአዮናይዜሽን ቻምበር (ጨረሩን በያዘው አየር ውስጥ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ከሚለካው መሣሪያ) ከሆነና ሥራው አዲስ አበባ ከሆነ፣ የአየር ግፊቱን በዚያው ሰዓት ለካ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ክፍት ቻምበር እዚያ የሚይዘው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ማረሚያው 1.3 ገደማ ይሆናል። የአየር ማረፊያ ትንበያ ላይ ያለው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ስለሆነ አይሠራም፤ የሚፈለገው ክፍሉ ውስጥ የተለካው ነው። አላኒንም ሆነ ፎርሜት ጠጣር ስለሆነ ይህ ማረሚያ ጭራሽ አያስፈልገውም። ለደጋ አገር የኢፒአር ዶዚሜትር (የጨረር መጠን መለኪያ) ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የተነበበ እንክብል አይጠፋም፤ በፖስታ ተልኮ ሌላ አገር ደግሞ ሊነበብ ይችላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1985 የጨረር መጠን ማረጋገጫ አገልግሎቱን በአላኒን የጀመረውም በዚሁ ጠባይ ነው።

ማመሳከሪያ መጠኑ የተሰጠው ውኃ ለሚመጥጠው ከሆነ የቁሱንም ልዩነት አትርሳ። በኮባልት ጨረር አላኒን ከውኃ 3 በመቶ ገደማ ያነሰ ኃይል ይመጥጣል። በዝቅተኛ ኃይል ኤክስሬይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ውጤታማ አቶሚክ ቁጥሩ 7.3 የሆነው ሊቲየም ፎርሜት ለውኃው 7.5 ቅርብ በመሆኑ እዚያ ይሻላል። ለእኔ ፎርሜትን ለመሞከር ከ5 እጥፉ ይልቅ ይህ ይበቃል።

ሩት_ላብ

ጋሽ ኮባልት ስለ ደጋው ያነሱት ልክ ነው፤ ግን ክረምቱንም እንቁጠር። አላኒን እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ዓመት ቢቀመጥ ከ1 በመቶ በታች ነው የሚደበዝዘው። ክረምት ላይ ክፍት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ እንክብል ግን ሌላ ነገር ነው። ፎርሜቱ የበለጠ አስቸጋሪ ነው፤ በክሪስታሉ ውስጥ ውኃ ስላለው ሲሞቅ ይለቃል፣ እርጥበት ሲበዛም ላዩ ይሟሟል። ምድጃ ውስጥ አታድርቀው። ራዲካሉ የሚኖረው በጠጣሩ ውስጥ ነው፤ ክሪስታሉ ሲሟሟ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል።

የእርጥበቱን ፈተና ያለ ውድ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ ውሰድ፣ ከሥሩ ጨው የተረፈበት፣ ማለትም ከዚያ በላይ የማይሟሟለት፣ የጨው ውኃ አድርግ፣ እንክብሎቹን ከላይ በመደርደሪያ አስቀምጥ። የገበታ ጨው 75 በመቶ እርጥበት ይይዛል፤ ማግኒዥየም ናይትሬት 53፤ ማግኒዥየም ክሎራይድ 33። በሦስት ማሰሮ እኩል ጨረር ያገኙ አምስት አምስት እንክብል አስቀምጥና በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን አንብብ። ሁልጊዜም አሥር ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ አቆይተህ፣ ደግመህ መዝነህ። ክብደቱ ከተለወጠ ውኃ ገብቷል ወይም ወጥቷል፤ የተለወጠው ክብደት ደግሞ በከፍታው ማካፈያ ውስጥ ይገባብሃል። ለማካፈያው ከጨረር በፊት የመዘንከውን ተጠቀም።

የታርትሬቱ የሰኞና የረቡዕ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። አሞኒየም ታርትሬት ከጨረሩ በኋላም ራዲካሉ ተቀይሮ እስኪረጋጋ ምልክቱ እያደገ ይሄዳል። መጠኑን ከመወሰንህ በፊት ማደጉ የሚቆምበትን ሰዓት ራስህ ፈልግ፦ ከ1 ሰዓት ጀምሮ በመጀመሪያው ቀን በየ2 ሰዓቱ፣ ከዚያ በየቀኑ። ማስተካከያ መስመሩም የሙከራ እንክብሉም ከጨረሩ በኋላ እኩል ሰዓት ቆይተው ይነበቡ።

ስፒን_ግማሽ

የመሣሪያውን የቀን ለቀን መዋዠቅ ለማረም ማግኒዥየም ኦክሳይድ ውስጥ ያለ ማንጋኒዝ አጠገቡ ብናስቀምጥስ?

ኳርትዝ

ለፎርሜት ጥሩ ነው፤ ለአላኒን ተጠንቀቅ። የማንጋኒዙ 6 መስመሮች በ8.7 ሚሊቴስላ ገደማ ይራራቃሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው የእኛን ምልክት ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል። የፎርሜቱ ነጠላ መስመር መሐላቸው ያርፋል። የአላኒን ውጫዊ መስመሮች ግን ከመሐሉ 5 ሚሊቴስላ ላይ ስለሆኑ ማንጋኒዙ ላይ ይወጣሉ። በትልቅ መጠን የማመሳከሪያው ከፍታ ከጨረሩ ጋር «ሲያድግ» ያየ ሰው ያየው ይህንን ነው።

ሩት_ላብ

እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ማንጋኒዝ ካቪቲው ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ የእንክብሉን የአቀማመጥ ስህተት አያርምም፤ የሚያርመው የካቪቲውን ጥራት ብቻ ነው። ለዚህ በየ10 ንባቡ አንድ የታወቀ፣ 50 ግሬይ የወሰደ አላኒን መመለስ ይሻላል። መሣሪያውን ከሁለት ሰዓት በፊት አስነሣ፣ ክፍሉን ከ1 ዲግሪ በላይ እንዲዋዥቅ አትፍቀድ። ምልክቱ ከፍጹማዊ ሙቀት ጋር በግልባጭ ስለሚሄድ 3 ዲግሪ ብቻ 1 በመቶ ይወስዳል።

ኳርትዝ

ሁለቱንም ቢያደርግ አልቃወምም። ማንጋኒዙ በንባቦቹ መካከል ድንገት የመጣውን መዛባት ይይዛል፤ አላኒኑ ደግሞ የቀኑን።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ተራ ስኳርስ? በአደጋ ጊዜ ያገለግላል ሲባል ሰምቻለሁ።

ኮባልት_ስልሳ

ያገለግላል ልጄ። ሱክሮስ ጨረር ሲመታው የሚረጋ ራዲካል ይይዛል፤ በየቤቱም ስላለ አደጋ ከደረሰ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን መጠን ለመገመት ይጠቅማል። ስፔክትረሙ ግን ሰፊና የተደራረበ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅርጹ ይለዋወጣል፤ እርጥበት ከነካው ምልክቱ ይጠፋል። እንደ አላኒን ለመቶኛ ትክክለኛነት አትጠብቀው። በቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማምከኛ ለወንዱ ዝንብ የሚሰጠውን የመቶ ግሬይ ዓይነት መጠን በየጊዜው ለመቆጣጠር ከሆነ አላኒን ያለ ችግር ይበቃል፤ እስከ ጥቂት ሺህ ግሬይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ስፒን_ግማሽ

ዕቅዱ አሁን እንዲህ ነው፦ 0፣ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20 ግሬይ፤ በየነጥቡ ከየውህዱ 5 እንክብል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ንባብ፤ ለታርትሬቱ ማደጉ ከቆመ በኋላ። ከ1 ግሬይ እስከ 20 በቅደም ተከተል እናነባለን።

ኳርትዝ

በቅደም ተከተል አታንብብ። መሣሪያው በቀኑ ውስጥ ቀስ እያለ ከዋዠቀ መዋዠቁ ከጨረሩ መጠን ጋር ይቀላቀልና መስመርህ ቀጥ ያለ መስሎ ተዳፋቱ ይሳሳታል። እንክብሎቹን ቁጥር ብቻ ስጣቸው፣ ተራውን በዕጣ አውጣ፣ መጠኑ የተጻፈበትን ወረቀት ንባቡ እስኪያልቅ ሌላ ሰው ይያዘው። በ1 እና በ2 ግሬይ አንድ ጠረጋ አይበቃም፤ 16 ጊዜ ብትደግም ረብሻው ወደ ሩብ ይወርዳል። የዜሮውን እንክብል አማካይ ስፔክትረም ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንስ እንጂ ቁጥሩን ብቻ አትቀንስ፤ ተዳፋቱ ከጫፉ ጋር በአንድ ቦታ አይወድቅምና። ቀሪውን ዙር የምትጀምረው ግን በአዲሱ ቅርጽ ማውጫ የተጨመቀ ባዶ እንክብል ንጹሕ ሆኖ ሲነበብ ነው።

ሩት_ላብ

ከየውህዱ 15 ትርፍ እንክብልም በዚያው ቀን ጨምቃችሁ አስቀምጡ። የእርጥበቱ ፈተና ከሌላ ቀን ዱቄት ከተሠራ ማወዳደር አይቻልም።